ጠመንጃው ዴንቨር፣ አንተ አራት ኪሎ፦ ወደ ጭስ አልባ መዝሎደር ተኩስ እንዴት መመለስ ይቻላል

ይህን የምጽፈው ለጥቂት ሰው ነው። አሜሪካ ሲኖር በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ (መዝሎደር) ይተኩስ ለነበረ፣ ከዚያ ሥራ ወይ ቤተሰብ ጠርቶት አዲስ አበባ ለገባ፣ አሁን ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ወንድሙ ቤት ቆልፎ ያስቀመጠውን ጠመንጃ ለማውጣት ለሚያስብ ሰው። ጥቂት ብንሆንም አለን። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ ባሩድ ላይ ነው የሚያልቀው። አጠገባችን ያለው ሰው ዘወር ብሎ ያየናል፤ እውነቱን ነው።

ጠመንጃውን አውጥቶ መተኮስ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ብዙው ነገር እዚሁ አዲስ አበባ ሆነህ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የምትሠራው ነው። እዚያ ስትደርስ የሚቀርህን ደግሞ የድሮ እውቀትህን ሳታምን፣ እንደ ጀማሪ ከዜሮ ትሠራዋለህ። ሳታምን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ባሩዱ ጋ ስንደርስ እናወራበታለን።

መጀመሪያ ሕጉ

እዚህ በኩል ነገሩ አጭር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ማስገባትም አይቻልም። “የድሮ ዓይነት ነው እኮ፣ ጥይት አይጎርስም” የሚል ማብራሪያ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ለመስጠት እንዳትሞክር። ጠመንጃው፣ ስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ)፣ የመሣሪያ መለዋወጫ የሚመስል ማንኛውም ብረት እዚያው ይቅር። ባሩድና ፕራይመርማ (ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ካፕ) ጭራሽ አይታሰብም። የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፍተሻ ራሱ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አያሳልፋቸውም፤ ከዴንቨር ሚኒያፖሊስ ብትበር እንኳ ባሩድህን የምትገዛው ከደረስክ በኋላ ነው።

እዚያ በኩል ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል። በጎብኚ ቪዛ የምትገባ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ የጦር መሣሪያና ጥይት እንዳትይዝ ይከለክልሃል፤ ከማለፊያዎቹ ዋናው የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ አይመለከተውም። (አዲስ አበባ ከዓመት በላይ የተቀመጠ የግሪን ካርድ ባለቤት ግን መጀመሪያ ስለ ካርዱ ይጨነቅ፣ ጠመንጃው ይደርሳል።) ብዙ ሰው “መዝሎደር እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም” ሲል ሰምተህ ይሆናል። የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ ጥንታዊ ብሎ የሚለያቸው በጥቁር ባሩድ ወይም በጥቁር ባሩድ ምትክ እንዲሠሩ የተነደፉትን ነው። ያንተ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ነውና በዚያ በር ዝም ብሎ ያልፋል ብለህ አትገምት። የስቴቱን ሕግ አንብብ፣ ግራ ከገባህ ሕግ አዋቂ ጠይቅ።

አደን የምታስብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮሎራዶ በመዝሎደር የአደን ወቅት ጭስ አልባ ባሩድ አይፈቀድም፤ ስኮፕ አይፈቀድም፤ ሳቦትም (እርሳሱን የሚያቅፈው የፕላስቲክ ቀፎ) አይፈቀድም። ሦስቱን ካወጣህ ከጠመንጃህ ምን ቀረ? ፔንስልቬኒያ ደግሞ ከገና በኋላ ያለው ወቅት የድንጋይ ክብሪት ያለው፣ የጥንቱን ዓይነት ጠመንጃ ብቻ የሚፈልግ ነው። ሌሎች ስቴቶች ይፈቅዳሉ። ስለዚህ “ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬ በዚህ አድኗል” የሚለውን ትተህ የዓመቱን የደንብ መጽሐፍ ራስህ ክፈት። በየዓመቱ ይወጣል፣ ስልክህ ላይ ይገባል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነህ አንብበህ ትጨርሰዋለህ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ኮሎራዶ ውስጥ የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአዳኞች ትምህርት መውሰዱን የሚያሳይ ካርድ ያስፈልገዋል። የድሮ ካርድህ የት እንዳለ አሁኑኑ ፈልግ። ካልሲ መሳቢያ ውስጥ የለም።

ለዒላማ ብቻ ለምትተኩስ ይህ ሁሉ የወቅት ጉዳይ አይመለከትህም። የተኩስ ሜዳው ደንብ ይበቃሃል።

ባሩዱ

እዚህ ቆም እንበል፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ።

መዝሎደር ቀለህ የለውም። ባሩዱንም እርሳሱንም በየተራ በአፈሙዙ አስገብተህ፣ በዘንግ ጠቅጥቀህ ነው የምትተኩሰው። የቅድመ አያቶቻችን ነፍጥ እንደዚያ ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ምስሉ የቆመለት ሴባስቶፖልም በአፈሙዝ የሚጎርስ ነው፤ ዋናው ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 7 ቶን ገደማ እየመዘነ እስከ መቅደላ የተጎተተው። ያኔ የነበረው ባሩድ ጥቁሩ ነው፤ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ። ሲተኮስ ሰማዩን በጭስ ይሸፍናል፣ በርሜሉ ውስጥ ጥላሸት ይተዋል፣ ጥላሸቱ ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። በ1886 ፈረንሳይ ለበል የተባለውን ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ አስታጠቀች። አድዋ የተካሄደው ከዚያ 10 ዓመት በኋላ ነው፤ በወገናችን እጅ ከነበሩት ብዙዎቹ ግን፣ ውጅግራውን ጨምሮ፣ ገና የጥቁር ባሩድ ጠመንጃዎች ነበሩ። ጭስ አልባው ከኒትሮሴሉሎስ የተሠራ ነው። በትንሽ ክብደት ብዙ ግፊት ይፈጥራል። ለዚህም ነው አንድ ተራ መዝሎደር ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ከገባ በርሜሉ ሊፈነዳ የሚችለው። እጅ ይሄዳል፣ ዓይን ይሄዳል፣ አጠገብ የቆመ ሰውም አይተርፍም።

ጭስ አልባ እንዲችል ተብሎ የተሠራው ዓይነት ጥቂት ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የሳቬጅ ፋብሪካ 10 ኤምኤል የተባለው ጠመንጃ ነው፤ ሐሳቡ የሰሜን ካሮላይናው ሄንሪ ቦል ነው፣ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ሞዴል ማምረት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ በትእዛዝ የሚሠሩ ወይም በርሜላቸው በባለሙያ የተቀየረ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ያንተ ጠመንጃ በርግጥ ጭስ አልባ ይችላል? በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። መመሪያውን አንብብ። በርሜሉን የሠራውን ሰው ጠይቅ። የወንድምህን ጠመንጃ ካንተው ጋር አንድ ካዝና ውስጥ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ አንዱ ግን የሚችለው ጥቁሩን ባሩድና ምትኩን ብቻ ነው።

የድሮ እውቀትህን አትመን ያልኩት ለዚህ ነው። ከዓመታት በኋላ አእምሮህ ውስጥ የሚቀረው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የየትኛው ባሩድ እንደነበር ግን ይጠፋል። የጥቁር ባሩድ ምትኮች፣ ለምሳሌ ፓይሮዴክስና ብላክሆርን 209፣ የሚለኩት በስፍር ነው። ጭስ አልባው የሚለካው በሚዛን ብቻ ነው። በርበሬ በጣሳ ሰፍሮ መግዛትና በኪሎ መግዛት ማለት ነው፤ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የሚገባህ መጠን ሌላ ነው። የብላክሆርኑን ቁጥር አስታውሰህ፣ ያንኑ ያህል ግሬን (ትንሿ የክብደት መለኪያ) ጭስ አልባ መዝነህ ብትከት ያለቀለት ነገር ነው። ብላክሆርን ደግሞ መልኩ ከጭስ አልባው ብዙም የማይለይ ስለሆነ ስህተቱ በዓይን አይያዝም። ስሙ ላይ ያለው 209 የፕራይመሩም ስም መሆኑ ሌላ ማደናገሪያ ነው።

ስለዚህ እኔ የባሩድ መጠን እዚህ አልጽፍልህም፤ ሌላ ሰውም በቃል ቢነግርህ አትውሰድ። መጠኑ የሚገኘው ከጠመንጃው ሠሪ መመሪያ ነው። እዚያ ከተጻፈው ትንሹ ትጀምራለህ። የሳቬጁ መመሪያ ከሚጠቅሳቸው አንዱ፣ ኤስአር 4759 የሚባለው ባሩድ፣ ከምርት ወጥቷል። የለመድከው እሱ ከነበረ “የሚመስለውን ስጠኝ” ብለህ ሱቅ አትግባ። በጭስ አልባ ባሩድ የሚመስል የሚባል ነገር የለም። ስሙና ቁጥሩ መመሪያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ አይገዛም።

አዲስ አበባ ሆነህ የምትሠራው

ዓይንህን አስመርመር። ከአርባ ዓመት በላይ ከሆንክ የቅርቡ እየደበዘዘብህ ይሆናል፣ ጠመንጃውን ስታስቀምጥ ግን እንደዚያ አልነበረም። ስኮፕ ያለው ሰው ብዙ አይቸገርም፤ በዓይኑ በኩል ያለውን የስኮፑን ጫፍ አዙሮ ውስጡ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀል ጥርት ያደርገዋል። በክፍት ማነጣጠሪያ የምትተኩስ ከሆነ ግን አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የፊቱ እህል ልትጠፋብህ ትችላለችና ለመነጽር ሐኪሙ “በዚህ ርቀት ማየት እፈልጋለሁ” ብለህ ክንድህን ዘርግተህ አሳየው። ለምን እንደሆነ ባትነግረውም ይሠራልሃል።

ቀጥሎ ሰውነት። ስኮፕ የተገጠመለት ጠመንጃ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ትከሻ ያንን ቆሞ ለመያዝ ይንቀጠቀጣል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ የመጥረጊያ እንጨት ላይ እሰር፣ ትከሻህ ላይ አስደግፈህ ግድግዳ ላይ ያለ ነጥብ ተመልከት። ሳሎን ውስጥ አድርገው። በረንዳ ላይ በመጥረጊያ እንጨት ወደ መንገድ የሚያነጣጥር ሰው ጎረቤት አይወደውም፣ ፖሊስ ደግሞ ከጎረቤት ይብሳል።

የምትለማመደው ነገር ቀላል ነው ግን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ነጥቡ ላይ አነጣጥር። ዓይንህን ጨፍን። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍስና ግለጥ። እንጨቱ ከነጥቡ ወደ ግራ ሄዶ ካገኘኸው በክንድህ አትጎትተው፤ እግርህን አንቀሳቅስ። ዓይንህን ስትገልጥ ሁሌም ነጥቡ ላይ እስክታገኘው ድረስ እግርህን እያስተካከልክ ድገም። ሰውነትህ ራሱ የሚያርፍበትን አቅጣጫ ካላገኘህ፣ በጡንቻ ገፍተህ የምትተኩሰው ጥይት ሁሉ ወደ ጎን ይሄዳል።

ትንፋሽ፦ አስወጥተህ ሳንባህ በራሱ ጊዜ ሲያርፍ ያለችው ክፍተት ነው የምትፈልጋት። እዚያ ላይ ቆም በል። ሰባት ስምንት ሰከንድ ካለፈ ዓይን መፍዘዝ ይጀምራል፣ ተወውና እንደገና ጀምር። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን የምትሮጥ ከሆነ ይህ ክፍል ይቀልልሃል። እንዲያውም አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው፤ ዴንቨሮች ስለ ከፍታቸው ሲያወሩ ዝም ብለህ ስማ።

ለጣትህ የሚጫን እስክሪብቶ ይበቃል። በሌላው እጅህ እንጨቱን ይዘህ፣ የእስክሪብቶውን ቁልፍ በሌባ ጣትህ ጫፍ ቀስ እያልክ ተጫን። መቼ “ቀጭ” እንደሚል ራስህም ሳታውቅ መሆን አለበት፣ ሲልም እንጨቱ ከነጥቡ መነቃነቅ የለበትም። ቃታ መሳብ ይኸው ነው። ማታ ማታ ዜና እያየህ አድርገው፤ ሚስትህ ብትስቅ ትሳቅ።

ሦስተኛው ሥራ ወረቀት ነው። የድሮ ማስታወሻ ደብተርህ ካለ ወንድምህ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልህ። ካለህ ጥሩ፣ ግን እንደ ታሪክ አንብበው እንጂ እንደ መመሪያ አይደለም። አዲስ ደብተር ግዛ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጠመንጃውን ስም፣ የበርሜሉን ስፋት፣ መመሪያው የሚፈቅዳቸውን ባሩዶች ስም በትልቁ ጻፍ። የመመሪያው ቅጂ ከሠሪው ድረ ገጽ ይገኛል። ዋናውን አንብብ፣ ሰው ያሳጠረውን አይደለም።

ጠመንጃውን ስታገኘው

ካዝናው ሲከፈት መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጎርሶ እንደሆነ ማረጋገጥ። ወንድምህ “ባዶ ነው” ቢልህም። ከኋላ የሚከፈት ጠመንጃ ከፍተህ ታየዋለህ፣ ይህ ግን በርሜሉ ውስጥ ባሩድና እርሳስ ለዓመታት ተቀምጠው ከውጭ ምንም አይታወቅም። ፕራይመር አለመኖሩን እይ፣ ካለ አውጣ። አፈሙዙን ከሰውም ከራስህም አርቀህ ዘንጉን በርሜሉ ውስጥ ስደድ፣ አፈሙዙ ጋ በጣትህ ምልክት ያዝ፣ አውጣና በውጭ በኩል ከበርሜሉ ጎን አስተካክለው። ጫፉ የኋላው መዝጊያ ቡሎን ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው። ቀደም ብሎ ከቆመ የሆነ ነገር አለ። ጎርሶ ከሆነ፣ ፕራይመሩ ወጥቶ የኋላውን መዝጊያ ፈትተህ ባሩዱን ታፈሳለህ፣ እርሳሱን ትገፋለህ። መዝጊያው አልፈታ ካለ አትታገለው፣ ጠመንጃ ለሚጠግን ባለሙያ ውሰድና ጎርሶ እንዳለ ገና ከመግባትህ በፊት ንገረው።

ከዚያ መዝጊያውን አውጥተህ በርሜሉን በብርሃን እይ። ንጹሕ ጨርቅ አሳልፍ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዝገት አለ፤ ትንሽ ከሆነ ይጸዳል፣ የተቦረቦረ ነገር ካየህ ግን ሳይተኮስበት ባለሙያ ይየው። አንድ ሰሞን የጥቁር ባሩድ ምትክ ተኩሰህበት ሳታጸዳ አስቀምጠኸው ከነበረ መልሱን እዚያ ታገኘዋለህ።

የኋላው መዝጊያ ላይ እሳቱ የሚያልፍባት የመርፌ ያህል ቀዳዳ አለች። የጭስ አልባ ባሩድ ሙቀት ይቺን ቀዳዳ እየበላ ያሰፋታል። ከሰፋች ጋዙ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ፍጥነቱም ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። ሠሪው ከሚፈቅደው በላይ የወፈረ መሰርሰሪያ ካስገባች ጊዜዋ አልቋል፣ ቀይረው። ብዙ ሰው ዒላማ ሲበታተንበት ስኮፑን ይሰድባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይቺን ቀዳዳ ነው፣ ሁለተኛ የስኮፑን ቡሎኖች፣ ስኮፑን ራሱን በመጨረሻ።

የተረፈ ባሩድ ካለ ክዳኑን ክፈትና ከሩቅ አሽት። ጤነኛ ባሩድ ቀለል ያለ የኬሚካል ሽታ አለው። ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ቀይ ቡናማ አቧራ ካየህ ተበላሽቷል። መያዣው ላይ ያለው ጽሑፍ ከተላጠ፣ ወይም ሌላ ዕቃ ውስጥ የተገለበጠ ከሆነ፣ መልካም ቢሆንም አትጠቀምበት። አወጋገዱን የአካባቢውን እሳት አደጋ ጠይቅ። የድሮ ሳቦቶችንም ጣላቸው፤ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ርካሽም ናቸው።

ሜዳው ላይ

መጀመሪያ በሃያ ሁለት (ትንሹን .22 ጥይት በሚተኩሰው ቀላል ጠመንጃ) ጀምር። ተኩስ ሜዳው ያከራያል ወይም የሆነ ወዳጅ አለው። ርግጫ የለውም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ድሮ የነበረህን መሸማቀቅ (ተኩሱን ፈርቶ ቀድሞ መነቃነቅ) ወዲያው ያጋልጣል። ጓደኛህ አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ ሳይነግርህ ያጉርስልህ። ባዶው ላይ አፈሙዝህ ድንገት ወደ ታች ከወረደ ችግሩ ጠመንጃው ላይ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ይህን ሳታስተካክል ወደ ትልቁ አትሂድ።

ትልቁ ላይ ስትደርስ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርግ፤ ይህንን መድገም አያስፈልግም። ባሩዱን ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያወራህ፣ አንድ በአንድ መዝነህ ክዳን ባላቸው ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ አዘጋጅ፤ በየቱቦው ላይ የባሩዱን ስምና ክብደቱን ለጥፍ። ሚዛኑን ከመጀመርህ በፊት በመፈተሻ ክብደቱ አረጋግጥ። ሜዳ ላይ ንፋስ እየነፈሰ፣ ሰው “ሰላም ነው?” እያለህ አይመዘንም። አንድ ባሩድ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ሁለተኛው መኪና ውስጥ እንኳ አይኑር።

ከመጉረስህ በፊት አንድ ፕራይመር ብቻውን ተኩስ። መንገዱ ላይ የቀረ ዘይት ካለ ይደርቃል። ከዚያ ባሩድ፣ ከዚያ እርሳስ፣ በዘንጉ አጥብቀህ እስከ ባሩዱ ድረስ ጠቅጥቅ። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ መሃል ላይ ከቀረ በርሜሉን ሊያሳብጠው ይችላል። በትክክል ሲያርፍ ዘንጉ ላይ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርግ፤ በቀጣዩ ሁሉ ምልክቱ እዚያው ላይ መዋል አለበት። ከፍ ካለ ወይ አላረፈም፣ ወይ ወሬ ላይ ሆነህ ሁለቴ አጉርሰሃል። ሁለቴ የጎረሰ ጭስ አልባ መዝሎደር ሰው ይገድላል። ፊትህን አፈሙዙ ላይ ሳትደፋ ሥራ። ፕራይመሩ የሚገባው በመጨረሻ ነው፣ ተኩስ መስመሩ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማ ሲያይ ብቻ።

ቃታ ስበህ “ጠቅ” ብሎ ዝም ካለ አትንካው። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል።

ዒላማውን በ25 ያርድ ጀምር። ሦስት ተኩስና ከዚያ በኋላ ነው ስኮፑ የሚነካው፤ በእያንዳንዱ ጥይት የሚያስተካክል ሰው ቀኑን ሙሉ የራሱን ስህተት እያባረረ ይውላል። የአብዛኛው ስኮፕ ማስተካከያ አንዷ ጠቅታ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ገደማ ታንቀሳቅሳለች። ስለዚህ በ25 ያርድ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ጠቅታ ነው እንጂ 4 አይደለም። 25 ላይ ከተስተካከለ ወደ 100 ሂድ።

በመሃል በርሜሉ ይቀዝቅዝ። ይህ የትዕግስት ሳይሆን የፕላስቲክ ጉዳይ ነው፤ በጋለ በርሜል ውስጥ ሳቦቱ ይለሰልሳል፣ እርሳሱን በደንብ አይዝም፣ ዒላማህ ይበታተናል። በርሜሉን በእጅህ ይዘህ መቆየት ካልቻልክ ገና ነው። እስከዚያ ሃያ ሁለቱን ተኩስ፣ ደብተርህን ጻፍ፦ ቀን፣ የአየር ሙቀት፣ የባሩድ ስምና የምርት ቁጥር፣ ክብደት፣ የእርሳስ ዓይነት፣ የሳቦት ቀለም፣ የት እንዳረፈ። የፍጥነት መለኪያ ካገኘህ ፍጥነቱንም። የመጀመሪያው ጥይት ከቀዝቃዛ በርሜል የት እንደሄደ ለብቻው መዝግብ፤ አዳኝ ከሆንክ የምትተኩሰው እሱን ብቻ ነው።

ያለ ሳቦት፣ በርሜሉ ልክ የተሳበ እርሳስ የሚጠቀሙ አሉ። ጥሩ ነው፣ ሙቀት አያስቸግረውም። ግን የእርሳሱን ልክ ከበርሜልህ ጋር ለማግጠም መሣሪያና ጊዜ ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት የሄደ ሰው አይጀምረውም፣ ይህ የኔ አስተያየት ነው።

ከ200 ያርድ በላይ የምታስብ ከሆነ ከፍታን አስብ። ዴንቨር ላይ ያስተካከልከው ጠመንጃ ሚኒሶታ ሲወርድ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ጥይቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። በ100 ያርድ ግድ የለህም።

ስትመለስ

ጭስ አልባ እንደ ጥቁሩ በዚያው ሌሊት ካላጸዳኸው ብረት አይበላም፤ ከጥቅሞቹ አንዱ ይኸው ነው። ቢሆንም ዓመት ልታስቀምጠው ነውና የፕላስቲክና የመዳብ ቅሪቱን በማጽጃ አውጣ፣ ቀጭን ዘይት ቀባ። የኋላውን መዝጊያ አውጥተህ አጽዳ፣ ጥርሱ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ቅባት ቀብተህ መልስ። ሳትቀባ ከመለስከው በሚቀጥለው ዓመት ከመፍቻ ጋር ትታገላለህ።

ባሩዱ በገዛ መያዣው፣ ከፕራይመሩ ተለይቶ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት። ጠመንጃው ላይ “ባዶ” የሚል ወረቀትና ቀኑን እሰር። ወንድምህ እርጥበት የሚስበውን ከረጢት በየጥቂት ወሩ እንዲቀይር አስታውሰው፣ ካላስታወስከው አይቀይርም። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስተህ ይዘህ ና። የመዝጊያዋ ቀዳዳ ወደ ወሰኑ ከተጠጋች አዲሷን በጊዜ እንዲያዝልህ ሞዴሉን ጽፈህ በቴሌግራም ላክለት፤ ባሩዱን ግን ለእሱ አትተው፣ በሚቀጥለው ስትሄድ መያዣው ላይ ያለውን ስም ከደብተርህ የመጀመሪያ ገጽ ጋር እያስተያየህ ራስህ ግዛ።